የተረከዝ ምልክት

የተጋጣሚዎች ዕጣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ አልቪዳስ እህል አልወርድለት አለ። ሚስቱ ኒዮሌ ሥጋ የታጨቀበትን የድንች ድቡልቡል ጎምዘዝ ያለ ክሬም አፍስሳ ታቀርብለታለች። እሱ በሹካው ከሁለት ይከፍለዋል፣ ውስጡን ያየዋል፣ ከዚያ መልሶ ይገጥመዋል። ሃምሳ አንድ ዓመት የሞላው የቡድን አሰልጣኝ እንደ ሕፃን በምግብ ሲጫወት ማየት ያስቃል፤ ኒዮሌ ግን መሳቅ ካቆመች ሰነበተች።

"ንገረው" ትለዋለች።

"እነግረዋለሁ።"

"ትናንትም እንዲሁ ብለሃል።"

"ትናንት ዝናብ ነበር።"

"ዝናቡን ከነገሩ ጋር ምን አገናኘው?"

ምንም አላገናኘውም። ሊነግረው የሚገባው ኡግኒዩስ የሚባለውን የቡድኑን በረኛ ነው፤ የሃያ ዓመት ልጅ። የሚነግረው ነገር ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከኒዮሌ በቀር ለማንም ያልተነፈሰው የራሱ ውርደት ነው። ካልነገረው ያው ውርደት በልጁ ላይ ሊደርስ ይችላል። ከነገረው ደግሞ ልጁ ለአባቱ ይነግራል፤ አባቱ ደግሞ ኬስታስ ነው። ወደ ኬስታስ በኋላ እንመጣለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በረኛ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ የሚኖር ፍጡር ነው። መሀሉ የት ጋ እንደሆነ በየደቂቃው እየዞረ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ገና ጨዋታው ሳይጀመር ከሁለቱ ቋሚዎች እኩል ርቀት ላይ ሣሩን በጫማው ተረከዝ ይጭርና ምልክት ያበጃል። ከዚያ ወዲያ ወደ እግሩ ዝቅ ብሎ ማየት ይበቃዋል። ሕጉ ሜዳ ላይ ምልክት ማድረግ ክልክል ነው ይላል፣ ቢጫ ካርድም ያሰጣል። ዳኞች ግን አይተው እንዳላዩ ያልፉታል፤ ይቀጡ ቢሉ በአገሩ በረኛ አይተርፍማ።

አልቪዳስ በረኛ የሆነው ቁመት አንሶት ነው። በሊቱዌኒያ ቅርጫት ኳስ የቤት ልጅ፣ እግር ኳስ የእንጀራ ልጅ ነው፤ አንድ ሜትር ከሰማንያ ሰባት የሆነ ጎረምሳ እዚያ አጭር ይባላል። የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ መዳፉን ገልብጦ አየና "ይሄ እጅ እንኳ በከንቱ ባይቀር ጥሩ ነው፤ ሂድና በር ጠብቅ" አለው። ጠበቀ። በሃያ ስምንት ዓመቱ የትንሿን የፓሽሌ ከተማ ቡድን፣ ጊንታራስን፣ ይዞ ለዋንጫ ፍጻሜ ካውናስ ደረሰ። አንድ የኦስትሪያ ቡድን ሊወስደው ውሉን አዘጋጅቶ ፊርማው ብቻ ቀርቶ ነበር። ኒዮሌ የጀርመንኛ መማሪያ መጽሐፍ ገዝታ "እንደምን አደሩ" ማለት ችላለች።

የካውናሱ መሬት በውርጭ ደርቆ ነበር። ከዕረፍት በኋላ ጎል ሲቀያየሩ አልቪዳስ ተጋጣሚው በረኛ፣ ሮላንዳስ፣ ጥሎለት የሄደውን ምልክት አገኘ፤ ደህና ተደርጎ ተጭሯል። በዚያ ድንጋይ መሬት ላይ ሌላ ከመጫር ይሄው ይበቃል አለ። በሰማንያኛው ደቂቃ ከሩቅ አንድ ሰነፍ ኳስ መጣ። አልቪዳስ ወደ እግሩ አየ፣ ወደ ኳሱ አየ፣ "ወደ ውጭ ነው" ብሎ ለቀቀው። ኳሱ በግራው በኩል ተንከባሎ መረብ ውስጥ ገባ።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ መረቡ ሥር የረሳውን ፎጣ ሊያመጣ ተመለሰ። ምልክቷን አያት። በእርምጃ ለካት። ወደ ቀኝ ቋሚ ሦስት እርምጃ ተኩል፣ ወደ ግራ ቋሚ አራት ተኩል። ደግሞ ለካ። ያው ነው።

ያን ቀን መልበሻ ክፍሉ በር ላይ የቡድኑ አምበል ኬስታስ ቆሞ ጠበቀው። ኬስታስ ሚዜው ነበር። አብረው አድገዋል፣ አብረው ዓሣ አጥምደዋል፣ አብረው ተገርፈዋል። ከደፉ ወዲያ ቆሞ ሁለት ቃል ብቻ ተናገረ፦ "ስንት ሰጡህ?"

አልቪዳስ እዚያው መናገር ይችል ነበር። ግን ምን ይበል? የሌላውን በረኛ ምልክት አምኜ? ይህንን ጀማሪ ሕፃን እንኳ አይሠራውም። ሌባ ቢሉህ ቢያንስ ብልጥ ነህ እያሉህ ነው፤ ይሄኛው ግን ጅል ያሰኛል። ዝም አይነቅዝም ብሎ ዝም አለ። ነቀዘ እንጂ! ኦስትሪያዎቹ መደወል አቆሙ። ፓሽሌ ላይ ዳቦ ሊገዛ ሲገባ ሰዎች ወሬያቸውን ይቆርጡ ጀመር። ኒዮሌን ይዞ አየርላንድ ገባና ጨለማ ቤት ውስጥ አምስት ዓመት እንጉዳይ ለቀመ። ሲመለስ ሕፃናት አሠለጠነ፣ ከዚያ በረኞችን፣ አምና ደግሞ ቡድኑ ሌላ ሰው ሲያጣ ዋና አሰልጣኝ አደረገው። ሹመት ነው ከተባለ ሹመት ነው።

ኬስታስ ከተማው ውስጥ ጎማ ይጠግናል። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ለአልቪዳስ ራስ ከመነቅነቅ በላይ ሰላምታ ሰጥቶት አያውቅም። ነገር ግን እግዜር ሲቀልድ ልጁ ኡግኒዩስ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው በረኛ ካልሆንኩ ብሎ አለቀሰ፤ እናቱ እጁን ይዛ አልቪዳስ ዘንድ አመጣችው። አልቪዳስ ልጁን አጥብቆ አስተማረ። አጣጣሉን፣ አያያዙን፣ በተረከዝ መጫሩን ሁሉ። የሰው ምልክት አትመን የሚለውን ብቻ ዘለለው፤ ለምን ቢለው የሚመልሰው ስለሌለው።

አሁን ጊንታራስ ላለመውረድ ከበታች ሊግ ከመጣ ቡድን ጋር ሁለት ጨዋታ ደርሶበታል፤ የዚያ ቡድን አሰልጣኝ ደግሞ ሮላንዳስ ሆኖ ቁጭ አለ። የመጀመሪያው ጨዋታ በእነሱ ሜዳ ዜሮ ለዜሮ አለቀ። እነሱ የሚጫወቱት ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ላይ ነው፣ ምንጣፍ ደግሞ አይጫርም። የመልሱ ጨዋታ ግን ፓሽሌ ላይ ነው፤ በሣር፣ በጭቃ፣ በጥቅምት ማብቂያ።

*

ጨዋታው የዋለው ከሙታን መታሰቢያ በፊት ባለው ቅዳሜ ነበር። ግማሹ ተመልካች ከስታዲየም በቀጥታ ወደ መቃብር ስለሚሄድ ከየወንበሩ ሥር በፌስታል የተያዘ ሻማና የአበባ ማሰሮ ተደርድሯል። በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ የጥቁር ዳቦ ሽታ ሜዳውን ሞልቶታል። ሌላ ቀን ቢሆን አልቪዳስ አንድ ሳህን ይጨርስ ነበር፤ ዛሬ ግን ሻጩን አይቶ አለፈ። ኒዮሌ ማለዳ ወደ መቃብር ሲሄድ የሚያደርገውን ጥቁር ጫማ አስጫምታው "ዛሬ ካልነገርከው እኔ ሜዳ ገብቼ እነግረዋለሁ" ብላዋለች። ታደርገዋለች ደግሞ።

መልበሻ ክፍል ውስጥ ጠራው።

"ኡግኒዩስ፣ ና እስቲ።"

"አቤት ኮች።"

"እጅህ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"ጓንቱስ?"

"እሱም ደህና ነው።" ልጁ ግራ ገባው። "ኮች፣ ሌላ የሚነግሩኝ ነገር አለ?"

"የለም… አለ። አባትህ መጥቷል?"

የልጁ ፊት በራ። "መጥቷል! ሁልጊዜ ሳያልቅ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ግን እስከ መጨረሻው ተቀምጬ አይሃለሁ ብሎኛል።"

ይቺ ቃል የአልቪዳስን ምላስ አሰረችው። ኬስታስ እስከ መጨረሻው ሊቀመጥ በወሰነበት ቀን ልጁን ስለ ካውናስ ማስፈራራት ምን ይሉታል? በዕረፍት እነግረዋለሁ አለ። ሰው ራሱን ሲያታልል ሁልጊዜ ሰዓት ይመድባል።

ያኔ በሩ ተንኳኳና ሮላንዳስ ብቅ አለ፤ ወፈር ብሏል፣ ጉንጩ ቀልቷል። ከውጭ እንደቆመ እጁን ዘረጋ። የቡድኑ ወጌሻ፣ ሽማግሌው ዚግማስ፣ ከጥግ ጮኸ።

"ደፍ ላይ አይሆንም! ወይ ግባ ወይ ውጣ! ጠብ ልታመጣብን ነው?"

ተጫዋቾቹ ሳቁ። በዚያ አገር ሁለት ሰዎች በደፍ ወዲያና ወዲህ ሆነው አይጨባበጡም፤ ከተጨባበጡ ይጣላሉ፣ አለቀ። ሮላንዳስ እየሳቀ ደፉን ተሻግሮ ገባ፣ የአልቪዳስን እጅ ያዘና ወዘወዘው።

"ወንድሜ! አንተ እኮ አታረጅም። ሣሩን አየሁልህ፣ እንዴት ያምራል! ሣር ናፍቆኝ ነበር እመነኝ።"

"እንግዲህ ጠግበህ ሂድ" አለው አልቪዳስ እጁን እየሳበ።

*

በሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ጊንታራስ ከማዕዘን ምት በጭንቅላት አገባ። ስታዲየሙ ተናወጠ። ከጎሉ ጀርባ ያሉት ልጆች ከበሮውን ይደልቁት ጀመር፤ ዝም የሚሉትም ዳቦ ሲጎርሱ ብቻ ነበር። አልቪዳስ ግን አልተነሳም። ዓይኑ በሩቁ ጎል ላይ ነው። የሮላንዳስ በረኛ፣ ረጅም ቀጭን ልጅ፣ ቆሞ በተረከዙ ሲጭር አየው። ከዚያ ርቀት የት ጋ እንደሚጭር አይታይም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እሱ ግን ምናልባት መሀሉ ላይ ነው፣ ምናልባት ሮላንዳስም ረስቶታል እያለ ራሱን ያባብላል።

በአርባ አንደኛው ደቂቃ ኡግኒዩስ ኳስ አቆይተሃል ተብሎ ቢጫ ካርድ ተቀበለ። አልቪዳስ ላብ አጠመቀው። ተቀያሪው በረኛ ባለፈው ሳምንት ጣቱ ተሰብሯል። ኡግኒዩስ ሁለተኛ ቢጫ ካገኘ ጎሉን የሚጠብቀው አጥቂ ነው፣ ወይም ዚግማስ።

ዕረፍት ላይ ልጁን ጥግ ወስዶ ትከሻውን ያዘው። በዚያች ሰዓት አእምሮው ውስጥ ያለው ቢጫዋ ብቻ ነበረች፤ ሁለት ሳምንት ያብሰለሰለው ነገር ጥርግ ብሎ ጠፋ።

"ስማኝ። ኳስ አታቆይ። ዳኛ አታናግር። ሜዳ አትጫር፣ ዳኛው አንተን አንተን ነው የሚያየው። በምንም ምክንያት ሁለተኛ ቢጫ እንዳታመጣ። ገባህ?"

"ገባኝ ኮች።"

"ሂድ። ጎበዝ።"

ልጁ ሄደ፤ እንደታዘዘውም አደረገ። አዲሱ ጎል ጋ ሲደርስ ቋሚዎቹን ነካ ነካ አደረገ፣ ወደ መሀል መጣ፣ እዚያ ተጭሮ የተዘጋጀ ምልክት አገኘ። ይመስገን ሳይል አልቀረም። ኮቹ አትጫር ብሎታል፣ ሌላው ደግሞ ጭሮለታል።

በስልሳ አራተኛው ደቂቃ የእንግዶቹ አስር ቁጥር ከሳጥኑ ውጭ ሆኖ በኡግኒዩስ ግራ በኩል አንድ ኳስ ላከ። ኃይለኛ አልነበረም። ኡግኒዩስ ወደ እግሩ አየ፣ ወደ ኳሱ አየ፣ ሁለት እጁን ዝቅ አድርጎ ሸኘው። ኳሱ የግራውን ቋሚ ገጭ አድርጎ ወደ ውጭ ወጣ። ሕዝቡ ተነፈሰ፤ ኡግኒዩስም ወደ ቋሚው ዞሮ አንድ ሰው በድንገት መንገድ ላይ እንደገጨው ሁሉ ትክ ብሎ አየው።

አልቪዳስ ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ። ያችን አስተያየት ያውቃታል፤ የገዛ አንገቱ ነው የዞረው። ወደ ሮላንዳስ ተመለከተ። ቡድኑ ለጥቂት የሳተበት አሰልጣኝ ራሱን ይይዛል፣ ይራገማል። ሮላንዳስ አልተራገመም። ለአስር ቁጥሩ በግራ መዳፉ ቀስ ብሎ አሳየው፦ እዚያው፣ አሁንም እዚያው።

"ሜዳ አትጫር" አለ አልቪዳስ ለራሱ። "እኔ ነኝ ያልኩት። በገዛ አፌ።"

"ምን አልክ?" አለ ዚግማስ።

"ምንም አላልኩም ጋሼ።"

እጁን አጣምሮ በአፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። ከበሮው ዋጠው። እንደገና ጮኸ፤ ኡግኒዩስ አውራ ጣቱን ቀስሮ መለሰለት፣ አበረታታኝ ብሎ ነው። አልቪዳስ ወደ አራተኛዋ ዳኛ ሮጠ፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ቆፍጣና ልጅ ነች።

"እመቤቴ፣ እዚያ ጎል ጋ የተሳሳተ ምልክት አለ። የእነሱ በረኛ ሆን ብሎ ነው የጫረው።"

"ምልክት?" አለች ከሰዓቷ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። "እሺ፣ ለዳኛው በመነጋገሪያው ልንገረው። ግን ካየ ሁለቱንም ጎል ነው የሚያየው። የእርስዎ ልጅ በመጀመሪያው አጋማሽ ወዲህኛው ላይ ጭሯል፣ እኔም አይቼዋለሁ። ቢጫ አለበት አይደል? ልንገረው?"

አልቪዳስ ወደ ኡግኒዩስ ተመለከተ።

"ልንገረው ወይስ?"

"ይቅር። ይቅር በቃ።"

ሰዓቱ ወይ አልሄድ አለ፣ ወይ ደግሞ ገሰገሰ፤ እሱ ራሱ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ሰባ አምስት። ሰማንያ። ኳሱ ሁሉ ወደ ኡግኒዩስ በኩል ነው። አልቪዳስ እያንዳንዷን ምት ከግራው ቋሚ ጋር ሆኖ ያያታል፤ ሌላው ሜዳ ጠፍቶበታል። የግራው ተከላካይ ውሃ ሊጠጣ ወደ መስመር ሲጠጋ ክንዱን ለቀም አድርጎ ያዘው።

"ለኡግኒዩስ ንገረው። ያቺን ምልክት እንዳያምናት። ጎሉን በራሱ ይለካ። አሁኑኑ!"

"እሺ ኮች።"

ልጁ ሮጠ፤ እየሮጠም ወደ ኡግኒዩስ ዞሮ እጁን ማወናጨፍ ጀመረ። ያችን ቅጽበት ነበር የእንግዶቹ ክንፍ ተጫዋች የሚጠብቃት። በጎኑ አምልጦት አለፈ፤ ተከላካዩ ደንግጦ ማልያውን ጎተተው። ፊሽካ ተነፋ። ከሳጥኑ ጫፍ ላይ ቅጣት ምት፣ በሰማንያ ስድስተኛው ደቂቃ። አስር ቁጥሩ ኳሱን አስቀመጠ። ሮላንዳስ አሁን መዳፉን እንኳ አላነሳም፤ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ።

ኡግኒዩስ ግድግዳውን አቆመ። አምስቱ ሰዎች ቀኙን ሸፈኑለት፣ ግራው የእሱ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ወደ እግሩ አየና ከምልክቷ ተነስቶ ቦታውን ያዘ። ከቋሚው ግማሽ እርምጃ ርቋል። ግማሽ እርምጃ ምን አላት? አንድ ጫማ ተኩል ብትሆን ነው። አልቪዳስን ግን አምስት ዓመት እንጉዳይ አስለቅማዋለች።

በግራ በኩል ባለው የተመልካች መቀመጫ የላይኛው ጥግ ኬስታስ ተቀምጧል። እስከ መጨረሻው እቀመጣለሁ ብሏል። ኳሱ ሲገባ ያያል፤ ልጁ ሳይወረወር ቆሞ ሲሸኛት ያያል። ነገ ጎማ ሊያስጠግን የሚመጣው ሰው ሁሉ ወሬውን እሱ ሲጠጋ ይቆርጣል።

አልቪዳስ ሮጠ።

በሃምሳ አንድ ዓመቱ፣ በመቃብር ጫማው፣ ጃኬቱን እያውለበለበ በሜዳው መሀል ለመሀል ሮጠ። የዳኛው ፊሽካ ደጋግሞ ጮኸ። አንድ የእንግዶቹ ተጫዋች "ሰውየው ነካው እንዴ!" ብሎ ሳቀ። ከተመልካቹ መሀል የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ሁሉንም አልፎ መጣ፦ "ዛሬስ ስንት ሰጡህ!" አልቪዳስ ሰምቶታል። ዞር ሳይል ጎሉ ጋ ደረሰ።

ምልክቷን በጫማው ረጋገጣት፣ አሻት፣ ጭቃውን ገፍቶ ደመሰሳት። ኡግኒዩስ ዓይኑን አፍጥጦ ያየዋል።

"ኮች! ምን ሆኑ? ቀይ ይሰጡዎታል!"

"የሰው ምልክት አትመን።" ትንፋሹ ተቆራርጧል። "ካውናስ ላይ የገባብኝ በዚህ ነው። ሮላንዳስ ወደ ቀኝ አዛብቶ ጫረው፣ እኔ ጅሉ አመንኩት። አልሸጥኩም፣ ኡግኒዩስ። አመንኩ። ቋሚውን ንካና ቁጠር፤ አራት እርምጃ፣ መሀሉ እዚያ ነው። ገባህ?"

ልጁ ወደ ቋሚው ዞረ። ዳኛው ደርሶ ቀይ ካርዱን ከአልቪዳስ አፍንጫ ሥር ዘረጋው።

"ከሜዳው ውጣ። ከአጥሩም ውጣ። ፈቃድህን ደግሞ ፌዴሬሽኑ ያየዋል።"

"ይየዋ" አለ አልቪዳስ፤ ፈቃዱ ቢወሰድ ስለማይቆጨው ሳይሆን ሌላ ቃል ስላልመጣለት ነው። ሲወጣ ከኋላው ፉጨትና ስድብ ዘነበ። ዚግማስ ሲያልፍ ክንዱን ነካ አደረገው እንጂ አልጠየቀውም። ሮላንዳስ መሬት መሬት ያያል።

*

የስታዲየሙ የጎን በር ከጽድ አጥሩ መሀል ያለች ትንሽ የብረት በር ናት። አልቪዳስ ወጣና ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ቆመ። ማየት አልቻለም። ከፊቱ የመኪና ማቆሚያ አለ፤ በየመኪናው የኋላ መስኮት አበባ ይታያል።

ከበሮው ድንገት ዝም አለ። ሁለት ሺህ ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ይሰማል። ከዚያ የእግርና የኳስ ድምፅ፣ ድፍን ያለ። ከዚያ አንድ ነገር ብረት መታ። ከዚያ ጩኸት። የማን ጩኸት እንደሆነ መለየት አቃተው፤ ደስታም ሐዘንም ከሩቅ ሲሰማ አንድ ነው። ግንባሩን የጽዱ ግንድ ላይ ደገፈ።

"አወጣው።"

ዞረ። ኬስታስ ከበሩ ወዲያ፣ በስታዲየሙ በኩል ቆሟል። በእጁ ሁለት የመቃብር ሻማ ያለበት ፌስታል አንጠልጥሏል። ወንበሩን ጥሎ መጥቷል። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ይሄ ነበር።

"በጣቱ ጫፍ ቋሚው ላይ ገፋት" አለ ኬስታስ። "በግራ ነው የመጣችው።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት አወቅህ?"

አልቪዳስ ጭቃ ወደ ያዘው ጫማው አየ።

"ሣሩን ስትረጋግጥ አየሁህ" አለ ኬስታስ። "ከዚያ ልጄ ቋሚውን ነክቶ መቁጠር ሲጀምር አየሁ። ከመቁጠሩ በፊት የቆመበትንና ከቆጠረ በኋላ የቆመበትን አየሁ። እኔም ኳስ ተጫውቻለሁ እኮ፣ አልቪዳስ። ምን ነበር እዚያ?"

"የሮላንዳስ በረኛ ምልክት። ወደ ቀኝ ተዛብቷል።"

ኬስታስ ፌስታሉን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ከሜዳው የዳኛው ፊሽካ ይሰማል፤ ማዕዘን ምት ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱም ወደዚያ አላዩም።

"ካውናስ ላይም?"

"ካውናስ ላይም። በቀኝ ሦስት እርምጃ ተኩል፣ በግራ አራት ተኩል። ሁለቴ ለካሁት።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ታምነኝ ነበር?"

"አዎ" አለ ኬስታስ ፈጥኖ።

 ሻማዎቹ ፌስታሉ ውስጥ እርስ በርስ ተጋጩ።

"አይ" አለ ቆይቶ፣ ድምፁ ወርዶ። "አላምንህም ነበር። ሰበብ ነው እልህ ነበር። አሁንም ልጄ ባይሆን ኖሮ አላይልህም ነበር።"

አልቪዳስ ራሱን ነቀነቀ። ሊናደድ ፈልጎ ነበር፤ ስንት ዓመት ሙሉ ለዚህች ሰዓት ያዘጋጀው ስድብ ነበረው። አንዱም አልመጣለትም። 

"ስንት ደቂቃ ቀረ?" አለ።

"አላይም። አንተ እይ።"

"እኔም አላይም።"

እንዲሁ ቆሙ፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ፣ ሁለቱም ሰዓት ያላቸው ሁለቱም ሰዓት የማያዩ። አንድ ጊዜ ሕዝቡ "ኡ!" ሲል ኬስታስ ዓይኑን ጨፈነ። አንድ ጊዜ ከበሮው ሲቆም አልቪዳስ የበሩን ብረት ጨበጠ፤ ቅዝቃዜው እስከ ክርኑ ደረሰ።

ከዚያ ሦስት ረጅም ፊሽካ መጣ። ቀጥሎ የመጣው ጩኸት የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም፤ የዚግማስ ድምፅ እንኳ ከመሀሉ ይሰማ ነበር። ከፉጨቱና ከከበሮው በላይ ደግሞ ሰዎች "ኡግኒዩስ! ኡግኒዩስ!" እያሉ ይጠሩ ጀመር።

አልቪዳስ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ተራመደና ቆመ። ቀይ ካርድ አለበት፤ መግባት አይፈቀድለትም።

"ሂድ እንጂ" አለው ኬስታስን። "ልጅህ እየፈለገህ ነው።"

"እሱ ዛሬ ሰው ሞልቶለታል" አለ ኬስታስ።

እጁን ዘረጋ። በመሀላቸው የበሩ የብረት ደፍ አለ። ሁለቱም ዝቅ ብለው አዩት፤ አልቪዳስም ከልጅነቱ የለመደው ነውና እጁን ሳይሰጥ ጠበቀ። ኬስታስ ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ በሩን በአንድ እጁ ደገፈ፣ የታመመ ጉልበቱን ቀስ ብሎ አነሳ፣ ደፉን ተሻግሮ ወደ ውጭ ወጣ፤ ከዚያ እጁን ጨበጠው።